የብሩክ ስልክ እኔ ጋ የዋለበት ቀን

ይህ ነገር ጁባ ውስጥ ከሆነ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። እዚህ ያለው ሐበሻ በሙሉ ስለሚያውቀው ለማንም አውርቼው አላውቅም፤ የሚያውቁትን ሰዎች ደግሞ ዓይናቸውን አይቼ ማውራት አልችልም። ለማታውቁኝ መጻፍ ይቀለኛል። ባለፈው ዓመት የደረሰብኝ ሌላ ነገር ባይጨመርበት ኖሮ ይህንንም አልጽፈውም ነበር።

ስሜ ደረጀ ነው። ጀበል ገበያ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። የተሰበረ ስክሪን እቀይራለሁ፣ የቻርጅ መሰኪያ እበይዳለሁ፣ የሞተ ስልክ ፍላሽ አደርጋለሁ። ሥራው መጠበቅ ይበዛዋል። አንዱ ስልክ ሶፍትዌር እስኪጭን ሰው እጁን አጣጥፎ ነው የሚቀመጠው፤ እኔ ግን እጅ ማጣጠፍ አልወድም ነበርና ኮመንት እጽፍ ነበር።

ግሩፓችን ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከናይሮቢ፣ ከዱባይ የተሰበሰበ ብዙ ሰው ያለበት ነው። ጠዋት ዜና፣ ቀን ፖለቲካ፣ ወደ ማታው ደግሞ የስልክና የጌም ወሬ ይበዛበታል። እዚያ ውስጥ የምታወቀው «ሶኬት» በሚል ስም ነበር። ያልገባሁበት ክርክር የለም። ስለ ዶላርም፣ ስለ ሹም ሽርም፣ ስለ አዲስ ስልክ ካሜራም እኩል አዋቂ ነኝ ባይ ነበርኩ። ዜናው ሳይነበብ አስተያየቴ የሚቀድምበት ቀን ብዙ ነው። አንድ ጊዜ ኔትወርክ ሲጠፋብኝ የሱቁ ጣሪያ ላይ ወጥቼ አንድን ሰው ሰድቤ ወርጃለሁ። ጎረቤቴ የነበረው የጀበል ልብስ ሰፊ ከታች ሆኖ፣ «ያ ደረጀ፣ ሙሽኪላ ሹኑ?» ብሎ ችግሩ ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ «ፖለቲካ ነው» አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ።

ብሩክን ወደዚህ ግሩፕ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ብሩክ ቶንፒንግ ውስጥ ያለ የሐበሻ ሆቴል ወጥ ቤት ዋና ምግብ አብሳይ ነው። ጁባ የገባነው በአንድ ሰሞን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ንያኩሮን ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን፣ አንድ ትንኝ መከላከያ አጎበር ሥር አድረናል። ወባ ስትጥለኝ ገላዬን ያጠበኝ እሱ ነው። ከዚያ በላይ ስለ ወዳጅነታችን የምለው የለኝም።

ብሩክ ብዙ አይጽፍም። ግሩፑ ውስጥ የገባው ለወንድሙ ሲል ነበር። ወንድሙ ዮናስ ሐዋሳ ነው የሚኖረው። እናታቸው ስትሞት ዮናስ ገና ጥርሱን የሚነቅል ልጅ ስለነበር ያሳደገው ብሩክ ነው ማለት ይቻላል። ዮናስ ለግሩፑ «አምባዛ» ነበር፤ የሐይቅ ልጅ ስለሆነ የዓሣውን ስም ለራሱ ያወጣው እሱ ነው። በስልክ የኳስ ጌም የሚችለው አልነበረም። ስለ ስልክ ደግሞ እኔን የሚከራከረኝ እሱ ብቻ ነው። «ሶኬት፣ አንተ የምታውቀው የተሰበረ ስልክ ነው፤ ደህናውን ለእኛ ተው» ይለኛል። እስቃለሁ፣ እናደዳለሁ፣ እመልስለታለሁ። በአካል አይቼው አላውቅም፤ ግን የሚጫወትበትን ስልክ አድሼ በሰው የላክሁለት እኔ ነበርኩ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሱቄን ስከፍት ከኢትዮጵያ ተደወለልኝ።

«ደረጀ ነህ? የብሩክ አጎት ነኝ፣ ከሐዋሳ። ብሩክ አጠገብህ አለ?»

የለም አልኩ።

«እንግዲያው ቁጭ በል።»

ዮናስ ሳይነጋ የተሳፈረበትን ባጃጅ የጭነት መኪና ገጭቶት ሆስፒታል እንኳ ሳይደርስ አርፏል። ቀብሩ በማግስቱ እሑድ ነው። አጎቱ ድምፁ እየተቆራረጠ ነገረኝና፣ «እንግዲህ እንደ ሥርዓቱ አድርጉልን። ልጁ ብቻውን እንዳይሰማ። ልጄ፣ አደራ» አለኝ። እሺ አልኩ።

ሥርዓቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። የቅርብ ሰው ቀድሞ ይሰማል፣ ለሽማግሌዎች ያደርሳል፣ ከዚያ ማለዳ ሰው ተሰብስቦ ይሄዳል። አገር ቤት ሆነን አንዳንዴ የምንቀልድበት ነገር ነው። እዚህ ሰው አገር ግን ዘመድ የሌለው ሁሉ ያለው ይኼው ሥርዓት ብቻ ነው። ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ አጠገቡ እንዲኖር ነው።

ወዲያው ሐጂ ሙዘይን ዘንድ ሄድኩ። ሐጂ ጀበል ውስጥ የፓስታና የዘይት ጅምላ ነጋዴ ናቸው፤ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ ጁባ ላይ ሐበሻ ሲሞትበት መጀመሪያ የሚነገረው ለእሳቸው ነው። እሳቸው ደግሞ የብሩክን አሠሪ ጋሽ ታደሰን አስጠሩ። ሦስታችንም መጋዘኑ ውስጥ የዘይት ካርቶን ላይ ተቀመጥን።

ጋሽ ታደሰ፣ «ዛሬ ከሥራ ላስቀረው?» አሉ።

«አይሆንም፣ ይጠረጥራል» አሉ ሐጂ። «እሳት ፊት የቆመ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይነገረውም። ዛሬን በሰላም ይዋል። ነገ ከጸሎት በኋላ ሁላችንም ቤቱ እንሄዳለን።»

ከዚያ የስልኩ ነገር ተነሣ። አገር ቤት ያለ አንድ የዋህ ሰው ደውሎ «እግዜር ያጥናህ» ቢለውስ? ሁለቱም እኔን አዩኝ። «እሱን ለእኔ ተዉት» አልኩ። የብሩክ ስልክ ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ወር አልፎታል፤ ዕቃው ከካምፓላ እስኪመጣ እየጠበቅን ነበር። መጣ ብዬ እጠራዋለሁ፣ ስልኩን ተቀብዬ እስከ ነገ አቆያለሁ።

ልወጣ ስል ሐጂ፣ «ያ የምትጻጻፉበት ነገር ላይም ማንም ትንፍሽ እንዳይል» አሉኝ።

«እዚያ ውስጥ ካሉት የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ ሐጂ» አልኳቸው።

«እኮ» አሉኝ።

ብሩክ ስድስት ሰዓት ሲሆን በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር፣ መጣ። ከወጥ ቤት የቋጠረልኝን ጥብስ በፌስታል ይዞልኝ ነበር። ሁልጊዜ ያደርገዋል። ስልኩን ሰጠኝ፤ ሲሙን አውጥቶ ሊወስድ ሲል፣ «ተወው፣ ሲሠራ የምሞክርበት እፈልጋለሁ» አልኩት። ለደንበኛ የምናገረውን ውሸት ለእሱ ተናገርኩ። እሱ ግን አመነኝ።

«መቼ ይደርሳል?»

«ነገ ጠዋት።»

«ኧረ ደሬ፣ ዛሬ እኮ የዮኒ ፍጻሜ ነው! በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።»

ረስቼው ነበር። ግሩፑ ውስጥ ለሳምንታት የተካሄደው የኳስ ጌም ውድድር ፍጻሜ ያን ቀን ነበር። አምባዛና «ዳኛው» የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነበሩ የሚገናኙት። ብሩክ ትንሽ አዘነና መልሶ ሳቀ። «በቃ፣ ውጤቱን አንተ ትነግረኛለህ። ዮኒ ካሸነፈ ሰፈሩን እንዴት እንደሚያውከው አስበኸዋል?» አለኝ። አሰብኩት አልኩ። ቦዳው ላይ ተሳፍሮ ሲሄድ እጁን አወዛወዘልኝ። ጥብሱን አልበላሁትም።

ስልኩን አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። እውነቱን ልናገር፣ ከዚያ በኋላ ተረጋጋሁ። ስልኩ እኔ ጋ ነው፣ ሲሙ እኔ ጋ ነው፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። አደራዬን የተወጣሁ መሰለኝ። እኔ ስልክ ጠጋኝ ነኝ፤ ሰውን በስልኩ ነው የምለካው። ብሩክ ስልክ ከሌለው ምንም አይሰማም ብዬ ደመደምኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግሩፑን ከፈትኩት። ባልከፍተው ምን ነበረበት? ግን ለምጃለሁ፤ እጄ ራሱ ነው የሚሄደው። ሰዉ ሁሉ አምባዛን እየጠበቀ ነበር። ሩብ ሰዓት አለፈ። ዳኛው መቀለድ ጀመረ። «አምባዛ የት ገባህ?» አለ። ሌሎቹ ተቀበሉት። «ፈርቷል» አለ አንዱ። «ዳታ አልቆበት ነው» አለ ሌላው። መጨረሻ ላይ ዳኛው፣ «አምባዛ ፈርቶ ጭቃ ውስጥ ገብቷል፤ ከእንግዲህ አይወጣም» ብሎ የሚስቅ ፊት ደረደረበት። ሃያ ሠላሳ ሰው አብሮት ሳቀ።

አምባዛ ጭቃ ውስጥ እንደሚደበቅ ማንም ያውቃል፤ ዳኛው ሌላ ምን ሊል ይችላል? አያውቅም። እኔ ግን በማግስቱ አፈር የሚለብሰውን ዮናስን እያሰብኩ ነበር ያነበብኩት። እጄ ጻፈ፤

«አፍህን ዝጋ። አምባዛ የምትለው ልጅ ዛሬ ሌሊት በመኪና አደጋ አርፏል። ነገ ነው የሚቀበረው። በሞተ ሰው ላይ ነው የምትስቀው፣ አንተ ባለጌ።»

ላክሁት።

ቀጥሎ «ምን?» «እውነት?» «ኧረ በማርያም» ይወርድ ጀመር። «ነፍስ ይማር» መጣ፣ ደግሞ «ነፍስ ይማር»፣ ደግሞ ሌላ። ዳኛው ቀልዱን አጥፍቶ ይቅርታ ጠየቀ። በጻፍኩት ላይ የተሰበረ ልብ ምልክት በላይ በላይ ይደረደር ነበር። አሁን የምናገረውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ባለጌውን አፉን አስያዝኩት፣ ዜናውን የተናገርኩት እኔ፣ ሰው ሁሉ የሚመልሰው ለእኔ። ለጥቂት ደቂቃ የዮናስን ሞት ረስቼ ስንት ሰው እንዳየው እቆጥር ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ከእኔ ጽሑፍ ሥር አንድ መልስ ወጣ። ስሙ የገነት ነው። ገነት የብሩክ ሆቴል ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ግሩፑ ውስጥ መኖሯን እንኳ ዘንግቼዋለሁ። መልሱ እንዲህ ይላል፤

«ሶኬት፣ ብሩክ ነኝ። ይሄ ነገር እውነት ነው?»

ውጤቱን ሊያይ ነው ስልኳን የተዋሰው። ለነገ ማቆየት አቅቶት፣ ወንድሙ ስንት ለስንት እንዳሸነፈ ለማየት።

ጽሑፌን ላጥፋ አልኩ። ኔትወርኩ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይጠፋም። መልስ ልጻፍ አልኩ። «አይደለም» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። «ብሩኬ» ብዬ ጀምሬ አጠፋሁት። ከሥሩ ሌሎቹ «ወንድም፣ እግዚአብሔር ያጽናህ» እያሉ መጻፍ ጀመሩ። የማያውቃቸው፣ የማያውቁት ሰዎች ነበሩ መርዶውን ያረዱት።

ሱቄን ሳልዘጋ ወጥቼ ሮጥኩ። የመጀመሪያውን ቦዳ አስቁሜ «ቶንፒንግ» አልኩት። መንገድ ላይ ሳለቅስ የሰማኝ መሰለኝ፤ የዲንካ ልጅ ነበር፣ ረጅም። ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። «አኩ ታይ ሙቱ» አልኩት፤ ወንድሜ ሞተ ማለቴ ነው። «መለሽ» አለኝ፤ አይዞህ እንደ ማለት ነው። ስንደርስ ሒሳብ አልቀበልም ብሎ ሄደ። እኔ ግን የማጽናኛ ቃል የሚገባኝ ሰው አልነበርኩም፤ እንዲያውም ቃሉን ከብሩክ የሰረቅሁት መሰለኝ።

ወጥ ቤት ስገባ ብሩክ ምድጃው አጠገብ ቆሟል። እሳቱ አልጠፋም፤ ሽንኩርቱ ያራል። ገነት በሩ ላይ ቆማ አፏን በእጇ ይዛለች። ብሩክ ሽርጡን እንዳደረገ፣ የሷን ስልክ እንደያዘ ነው። አየኝና በቀስታ ጠየቀኝ፤

«ዮኒ ነው?»

«አዎ» አልኩት።

እንዲህ ነበር የተነገረው። ወንበር እንኳ አላቀረብኩለትም። በቁሙ።

እንደዚህ ዓይነት ዜና የሰማ ሰው ይጮኻል ብዬ ነበር የማስበው። ብሩክ አልጮኸም። መጀመሪያ ጋዙን ዘጋ። ከዚያ ጥያቄ ያከታትልልኝ ጀመር፤ ድምፁ ስለ ገበያ የሚጠይቅ ይመስል ነበር።

«ማን ነገረህ?»

«አጎትህ።»

«መቼ?»

«ጠዋት።»

«ስልኬን ስሰጥህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ፍጻሜው ዛሬ ነው ስልህም?»

አንገቴን ደፋሁ። ያኔ የሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ተቀመጠ፤ ልይዘው ስጠጋ በክንዱ ገፋኝ። ገነት ናት ያቀፈችው። ከዚያ በኋላ የወጣውን ድምፅ አልገልጸውም። እስከዛሬ አንዳንድ ጊዜ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ስሆን ይሰማኛል።

ሐጂና ጋሽ ታደሰ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደረሱ። ሰው ደውሎላቸዋል። ሐጂ ብሩክን ይዘው ሲወጡ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ነበር። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢቆጡኝም በወደድኩ። አጠገቤ ሲደርሱ ቆም አሉና፣ «አንተ ልጅ፣ ምነው አንድ ቀን ዝም ብትል» አሉኝ።

ለቅሶው ንያኩሮን፣ ብሩክ ግቢ ውስጥ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ድንኳን ተጣለ፣ ወንበር መጣ፤ ሐበሻውም፣ አብረውት የሚሠሩት የጁባ ልጆችም እየመጡ ተቀመጡ። እኔ ውኃ አቀረብኩ፣ ወንበር ተሸከምኩ፣ ሳህን አጠብኩ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። የምቀርበው ሰው ጋ ስደርስ ግን ወሬው ይቋረጣል። ብሩክ የዘረጋሁለትን ብርጭቆ ውኃ ተቀበለ፤ ፊቴን አላየም። ቀብሩ እሑድ ስለነበርና በረራ ያገኘው ሰኞ ስለሆነ ወንድሙን መቅበር አልቻለም። ይኼን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያዝናል። እኔ ግን ይኼኛው የእኔ ጥፋት አለመሆኑን ሳስብ እፎይ ያልኩበት ቅጽበት ነበረ፤ ለዚያም አፍራለሁ።

ከአርባው በኋላ ተመለሰ። ቤቱ ድረስ ሄጄ እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ያዘኝ። «አንተ ክፉ አስበህ አይደለም፤ አውቃለሁ» አለኝ። «ለእሱ ተቆጥተህ ነው። አንብቤዋለሁ፣ ደጋግሜ። ግን ደሬ፣ ሰው ሳይኖር ነው የሰማሁት። ከላይ ሰው ሲስቅ፣ ከሥሩ የማላውቀው ሰው ነፍስ ይማር ሲል፣ መሐል ላይ የወንድሜ ሞት አለ።» ከዚያ ሻይ አቀረበልኝ። ጠጣሁና ወጣሁ።

ከግሩፑ ያን ሳምንት ወጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ፣ ከዚህ በቀር፣ የትም ቦታ አንድ ቃል ጽፌ አላውቅም። ሰው ይህን ሲሰማ ንስሐ ገባ ይላል፤ ንስሐ አይደለም። መጻፊያው ሲከፈት «ብሩክ ነኝ» የሚለው ይታየኛል።

ብሩክ ሱቄ መምጣት ተወ። ስልኩ ሲበላሽ ሌላ ቦታ እንደሚወስድ ሰማሁ። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሰላም ይለኛል፤ ሰው ሠርግ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ብንቀመጥ ስለ አየሩ እናወራለን። እንዲህ ሆነን ሦስት ዓመት ገደማ ተቆጠረ።

ባለፈው ዓመት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ አንድ ዓርብ ቀን ከምሳ በፊት ሱቄ በር ላይ ሰው ቆመ። ቀና ስል ብሩክ ነው። የያዝኩትን የብየዳ ብረት አስቀመጥኩ።

«ይቺን እያት እስቲ፤ ባትሪዋ ቶሎ ቶሎ ይሞትብኛል» ብሎ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አደረገ።

ከፈትኳት። ባትሪው ደህና ነው፤ ምንም የለውም። አልነገርኩትም። ብነግረው ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። የማይፈታውን ፈታሁ፣ የማይጸዳውን አጸዳሁ። እሱም አልቸኮለም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ስልክህን ስጠኝ እስቲ፣ ዜና ልይበት፤ የእኔን እንደሆነ ፈታተሃታል» አለኝ። በሁለት እጄ ነው የሰጠሁት።

ያን ቀን እስኪመሽ ድረስ አብሮኝ ዋለ። ሆቴል ውስጥ ስለገጠመው ሙሽራ አወራኝ፤ ሰውየው ለራሱ ሠርግ የታረደውን በሬ አነሰ ብሎ ከቄሱ ጋር ሲጣላ አማቱ በምን እንዳስታረቁት። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። የጥንቱን የንያኩሮን ክፍላችንን፣ አጎበሩን፣ በዝናብ ቀን አልጋችን ላይ የገባችውን እንቁራሪት አነሣን። ምሳ ከገበያው አስመጥቶ አብረን በላን። ደንበኛ ሲመጣ «ቡክራ፣ ቡክራ ተዓል»፣ ነገ ና፣ እያለ እሱ ራሱ ይመልስልኝ ነበር። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ታረቀኝ አልኩ። ጊዜ የማይሽረው የለም አልኩ።

ሲሄድ ስልኬን ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ሄደ። መንገድ ላይ ሳይደርስ አስታወስኩ፤ ግን አልጠራሁትም። ይዞት ከሄደ ነገ ሊመልስ ይመጣል፤ ነገም አየዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ። እዩ እንግዲህ። ያን ዘዴ እኔ ራሴ በእሱ ላይ የሠራሁበት ሰው ነኝ። ደስታ ዓይኔን ጋርዶት አንድም ነገር አልጠረጠርኩም።

በማግስቱ ገና ሲነጋጋ በሬ ተንኳኳ። ስልኬን ይዞ የመጣ መስሎኝ ፈገግ ብዬ ከፈትኩ። ብሩክ ነው፤ ነጠላ አድርጓል። ከኋላው ሐጂ ሙዘይን ቆመዋል፣ ጋሽ ታደሰ ቆመዋል፣ ከእነሱ ኋላ እስከ አጥሩ ድረስ ሰው ነው። ሐጂ ለመናገር ሲጀምሩ ብሩክ እጁን ክንዳቸው ላይ አደረገና ቀደማቸው። አልጋዬ ጠርዝ ላይ አስቀመጠኝ፤ እሱም አጠገቤ ተቀመጠ። ትከሻዬን ይዞ፣ ጆሮዬ ሥር፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ «ደሬ፣ አባትህ አርፈዋል። አልተሠቃዩም። እኔ እዚህ ነኝ» አለኝ።

አባቴ ደሴ ነው ያረፈው፣ ዓርብ ጠዋት። እህቴ ለጋሽ ታደሰ ደውላ ኖሯል። ጋሽ ታደሰ ማን ከእሱ ጋር ይዋል ብለው ሲጨነቁ፣ እኔ ልዋል ያለው ብሩክ ነው። ከእኔ ከተለየም በኋላ አርፎ አልተቀመጠም፤ እኔ የማውቃቸው ልጆች ዘንድ እየዞረ አንድም ሰው የትም ቦታ ምንም እንዳይጽፍ በአካል ሲለምን አምሽቷል። ይኼን የነገረችኝ ገነት ናት።

ያን ማለዳ አለቀስኩ፤ ሰው ሁሉ ያለቀስኩት ለአባቴ መሰለው። ለአባቴም ነው። ግን ብሩክ ደረቱ ላይ አስደግፎ ሲይዘኝ፣ ይህን እጅ እኔ እንደነሳሁት አሰብኩ። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው። የእሱ እንዲህ መሆን ነበረበት።

ለቅሶው ካለቀ በኋላ ብሩክ ሱቄ አልመጣም። ቤተ ክርስቲያን ሰላም ይለኛል፤ እንደ ድሮው፣ ስለ አየሩ እናወራለን። ያን ዓርብ ይቅር ብሎኝ ነው የመጣው ወይስ ለሐዘንተኛ የሚደረገውን ብቻ ሊያደርግ? ልጠይቀው ብዬ ሁለት ጊዜ እስከ ቶንፒንግ ሄጃለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከበሩ ተመልሻለሁ። ጁባ ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያ ከሰዓት የሳቅሁበት ቀን የለም። አባቴ ሞቶ ነበር፤ ብሩክ ያውቅ ነበር፤ እኔ ግን ወዳጄ ተመለሰልኝ ብዬ እየሳቅሁ ነበር።